ድመቷን ሳናስፈራ ሐኪም ዘንድ እናድርሳት

ለሰሚት ነዋሪዎች የቀረበ ዲስኩር



ዛሬ የምናገረው ሐኪም ዘንድ አልሄድም ብላ ስለምታስቸግር የቤት ድመት ነው። "ይህ ደግሞ አዳራሽ የሚያስጠራ ጉዳይ ነው?" የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ነው እላለሁ። ድመቷ ክሊኒክ ሳትደርስ በቀረች ቁጥር ያልተከተበች እንስሳ ከልጆቻችን ጋር አንድ ፍራሽ ላይ ታድራለች። በጊዜ ቢታይ ይድን የነበረ በሽታም በዝምታ ይጨርሳታል። ይህ የሚሆነው ባለቤቶቿ ስለጨከኑ አይደለም። አብዛኞቹ ሞክረዋል፣ ተቧጭረዋል፣ በመጨረሻም ተስፋ ቆርጠው ትተውታል። የመጣሁት ለእነሱ አንድ ነገር ለመናገር ነው፦ ድመቷን ያስፈራት ክሊኒክ ከመድረሷ በፊት የደረሰባት ነገር ነው፤ ያንን መለወጥ ደግሞ በእጃችን ነው።

እስቲ በየብሎካችን የሚሆነውን አብረን እንየው። ድመቷ ካኮረፈችና ምግብ ከተወች ሰንብታለች። ቅዳሜ ጠዋት ቤተሰቡ "በሉ ዛሬስ እንውሰዳት" ይላል። የበረንዳው በር ይዘጋል። አንዱ ልጅ አልጋ ሥር ይገባል፤ ሌላው መጥረጊያ ይዞ ከሶፋው ኋላ ያስወጣታል። በመጨረሻ አባወራው ማጅራቷን ጨብጦ ማዳበሪያ ውስጥ ይከታታል፤ አፉም በሲባጎ ይታሰራል። አሳንሰር በሌለው ሕንፃ ከአራተኛ ፎቅ እየተወዛወዘች ትወርዳለች። ታች ባጃጁ እየተንተከተከ ይጠብቃታል። ማዳበሪያው ውስጥ ሆና የምታየው ነገር የለም፤ የምትሰማው ግን ብዙ ነው። ክሊኒክ ስትደርስ ሸንታለች፣ ዓይኗ ፈጧል፣ ጥፍሯ ወጥቷል። ሐኪሙ ገና እጁን ሲዘረጋ ትነክሰዋለች። ቤተሰቡም "ይቺስ አውሬ ናት፣ ሁለተኛ አንወስዳትም" ብሎ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ ያቺ ድመት ዕድሜዋን ሙሉ ሐኪም አያያትም።

ይህን ሁሉ በእሷ ቦታ ሆናችሁ አስቡት። ድመት ቦታዋን የምትወድ እንስሳ ናት። ቤቷን የምታውቀው በጠረን ነው። ጉንጯን በወንበር እግር፣ በበር ጠርዝ፣ በእግራችሁ ላይ ስታሻሽ እዚያ ካሉት ዕጢዎች የሚወጣውን ጠረኗን ትታ ታልፋለች፤ ያ ጠረን ያለበት ቦታ ለእሷ ሰላም ነው። ጆሮዋም ከእኛ እጅግ ይበልጣል። የሰው ጆሮ እስከ 20 ሺህ ኸርዝ የሚደርስ ድምፅ ሲሰማ የድመት ጆሮ ከ60 ሺህ በላይ ይሄዳል። እኛ የለመድነው የብረት በር ጩኸት፣ የሞተሩ ድምፅ፣ የታክሲ ረዳቱ ጥሪ ለእሷ በአንድ ጊዜ የሚወርድ ዱላ ነው። ጠረኗ በሌለበት፣ መውጫ በማይታይበት፣ ጆሮ በሚያደነቁር መንገድ ስትወሰድ ነፍሷን ለማዳን ትታገላለች። ንክሻዋ የፍርሃት ንክሻ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ድመት አዳኝ ብትሆንም ራሷ ደግሞ ለትልልቅ አውሬዎች ታዳኝ ሆና የኖረች ናት። የታመመ እንስሳ ቀድሞ ስለሚበላ ሕመሟን መደበቅን ተፈጥሮ አስተምራታለች። አበው "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም" ይላሉ፤ ድመት የምትደብቀው ግን ወዳ አይደለም። ስለዚህ እሷ የምትደብቀውን ማየት የእኛ ድርሻ ነው። ራሷን መላስ የተወች፣ ፀጉሯ የተጎፈረ፣ ከወትሮው በላይ ውሃ የምትጠጣ፣ ትዘልበት የነበረውን መስኮት ከታች ሆና የምታይ፣ አልጋ ሥር ውላ የምታድር ድመት "አሞኛል" እያለች ነው። "ሣር በልታ፣ አስመልሳ ራሷን ታክማለች" የሚል አባባል በየቤቱ አለ። ድመት ሣር ትበላለች፣ ታስመልሳለችም፤ በሣር የዳነ የኩላሊት ሕመም ግን የለም።

ክቡራትና ክቡራን፣ አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልግባ። ይህ ጉዳይ ድመት የሌላቸውን ጎረቤቶቻችንንም የሚመለከተው በእብድ ውሻ በሽታ ምክንያት ነው። በሽታውን አብዝቶ የሚያስተላልፈው ውሻ ነው፤ ያልተከተበች ድመትም ከታመመ እንስሳ ይዛ ለሰው ታስተላልፋለች። የሰሚት ድመት ደግሞ በረንዳ ለበረንዳ ትሄዳለች፣ ማታ ቆሻሻ መጣያው ጋ ትወርዳለች፣ እዚያ ከሚያድሩት ውሾች ጋር ትገናኛለች። ጠዋት ተመልሳ ሕፃኑ ጎን ትተኛለች።

አዲስ አበባ ከዚህ በሽታ ጋር ከመቶ ዓመት በላይ ኖራለች። በታሪክ የተመዘገበው የከተማዋ የመጀመሪያ ትልቅ የውሻ እብደት ወረርሽኝ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1903 እ.ኤ.አ. የተከሰተ ነው። ከዚያ 18 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1885 እ.ኤ.አ.፣ ሉዊ ፓስተር በፓሪስ ጆሴፍ ማይስተር የተባለውን በውሻ የተነከሰ የ9 ዓመት ልጅ በክትባት አድኖ ነበር። የፓስተር ስም ዛሬም ጉለሌ ላይ አለ። የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የሚገኝበትን ሰፈር ሕዝቡ "ፓስተር" የሚለው የቀድሞው ፓስተር ኢንስቲትዩት እዚያ ስለነበረ ነው። ዕድሜያችሁ ገፋ ያለው፣ ተነክሰው ፓስተር የተመላለሱ ዘመዶቻችሁን ታስታውሳላችሁ። ያኔ ይሰጥ የነበረው ከእንስሳ የነርቭ ሕዋስ የተሠራ ክትባት በተከታታይ ቀናት ሆድ ላይ የሚወጋ ነበር። ዛሬ የተሻለ፣ ክንድ ላይ የሚሰጥ ክትባት አለ። በሽታው ግን አልለቀቀንም። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚያሳየው በየዓመቱ ወደ 59 ሺህ የሚጠጋ ሰው በዚህ በሽታ ይሞታል፤ ሟቾቹ በአብዛኛው የአፍሪካና የእስያ ሰዎች ናቸው፤ ከእነሱም ብዙዎቹ ሕፃናት ናቸው። ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል።

ስለዚህ ድመት ብትነክሳችሁ ወይም ብትቧጭራችሁ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡት። የቧንቧ ውሃ በጠፋበት ቀን ከጀሪካን በጆግ እያፈሰሳችሁ እጠቡት። ከዚያ ሳትውሉ ሳታድሩ ጤና ጣቢያ ሂዱ። የነከሰችውን ድመት አትግደሏት፣ ወስዳችሁም አትጣሏት። ለ10 ቀን በዝግ ቦታ ስትጠበቅ ጤነኛ ሆና ከቆየች በነከሰችበት ሰዓት በሽታውን አታስተላልፍም ነበር ማለት ነው፤ ለሐኪሙ ይህ ትልቅ መረጃ ነው። ከሁሉ የሚቀድመው ግን ክትባቱ ነው። ድመት ከሦስት ወር ዕድሜዋ ጀምሮ ትከተባለች፤ በዓመቱ ይደገምላታል፤ ከዚያ በኋላ ሐኪሟ በሚነግራችሁ ጊዜ ይቀጥላል። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው።

ቀጠሮ የማይጠብቁ ነገሮችም አሉ። ወንድ ድመታችሁ መጸዳጃ አሸዋው ላይ ደጋግሞ እየወጣ ቢያምጥና ምንም ባይወጣው "ድርቀት ነው" ብላችሁ እንዳታልፉት። የሽንት ቧንቧው ተዘግቶ ሊሆን ይችላል፤ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይገድለዋል። በዚያኑ ሰዓት ሐኪም ጋ አድርሱት። አፏን ከፍታ የምትተነፍስ ድመትም፣ የአይጥ መርዝ ወይም መርዝ የበላች አይጥ የበላች ድመትም እንዲሁ ናት። የሰው መድኃኒት ደግሞ ፈጽሞ አትስጧት። በየቤታችን መሳቢያ ውስጥ ያለው አንድ ፍሬ ፓራሲታሞል ድመት ይገድላል። የድመት ጉበት መድኃኒቱን የሚያከሽፈው ኬሚካል በበቂ መጠን ስለሌለው መርዙ ደሟን ያበላሸዋል፤ ድዷ ወደ ቡናማነት ይለወጣል፣ ፊቷ ያብጣል፣ ትንፋሽ ያጥራታል። ይህን መድኃኒት የሚሰጧት ብዙ ጊዜ የሚወዷት፣ ሐኪም ቤት መውሰድ ግን ያቃታቸው ሰዎች ናቸው። መንገዱን ማቅለል ያስፈለገው ለዚህም ነው።

እንግዲህ መንገዱን እንዴት እናቅልላት? ከሳጥኑ እንጀምር። በር ያለው የፕላስቲክ የድመት ሳጥን የሚገዛ አቅም ያለው ይግዛ፤ ክዳኑ ከላይ የሚነሣውን ይምረጥ። አቅም የሌለው ደግሞ ከመርካቶ ወይም ከሰፈሩ የዕቃ ሱቅ እኩል መጠን ያላቸው ሁለት ባለቀዳዳ የፕላስቲክ የልብስ ቅርጫቶች ይግዛ። አንዱን ከታች አድርጎ ሌላውን ይድፋበት፣ ጠርዛቸውን በአራቱም በኩል በሲባጎ ይሰር። አየር ያስገባል፣ አይታጠፍም፣ ይታጠባል። ክሊኒክ ሲደረስ የላይኛው ተፈቶ ድመቷ ከታችኛው ሳትወጣ ትመረመራለች። ካርቶን ስትሸና ይረጥብና ይቀደዳል፤ ማዳበሪያ ግን ከዛሬ ጀምሮ ለድመት ይቅር።

ሳጥኑ ከተገኘ በኋላ ዋናው ሥራ የሚሠራው ሳትታመም ነው። ብዙ ቤት ሳጥኑ ከመጋዘን የሚወጣው በሕክምናው ቀን ብቻ ስለሆነ ድመቷ ገና ስታየው አልጋ ሥር ትገባለች። እናንተ ሳሎን ውስጥ፣ ፀሐይ በሚገባበት ጥግ አስቀምጡት፤ ክፍት ይሁን። የምትተኛበትን አሮጌ ጨርቅ አንጥፉበት። ሌላ ለስላሳ ጨርቅ ወስዳችሁ ጉንጯን ቀስ አድርጋችሁ እሹበትና የሳጥኑን ውስጠኛ ግድግዳ ጥረጉበት፤ ያኔ የራሷ ጠረን ያለበት ቦታ ይሆናል። ምግቧን መጀመሪያ ከሳጥኑ አጠገብ፣ ስትለምድ አፉ ላይ፣ ቀጥሎ ውስጡ አኑሩላት። ውስጥ ሆና እየበላች በሩን ለአፍታ ዝጉና ክፈቱ። ሌላ ቀን አንሥታችሁ አስቀምጡት። ሌላ ቀን እስከ ደረጃው፣ ሌላ ቀን እስከ ግቢው በር አድርሳችሁ መልሷት፣ ስትመለስም የምትወደውን ስጧት። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፤ አንዷ በሳምንት ትለምዳለች፣ ሌላዋ ወራት ትፈልጋለች፤ አትቸኩሉ። በጾም ወቅት ቤት ውስጥ ሥጋ ባይኖር ለማለማመጃው ትንሽ ሰርዲን ይበቃል። ደግሞም ድመት ያለ ሥጋና ዓሣ መኖር የማትችል እንስሳ ናት፤ ታውሪን የተባለውን ንጥረ ነገር ካላገኘች ዓይኗና ልቧ ይጎዳል። ቤቱ ሲጾም እሷን አታስጾሟት።

የምትሄዱበት ቀን ሲደርስ ግርግር አታብዙ። ከሦስት አራት ሰዓት በፊት ጀምሮ ምግብ አትስጧት፤ መንገድ ላይ አያስመልሳትም። መሸሸጊያ በሌለበት አንድ ክፍል ውስጥ አስቀድማችሁ አስገቧትና በሩን ዝጉ። ማባረር የለም፣ መጥረጊያ የለም፣ ልጆች አይጮኹም። ራሷ ካልገባች ወፍራም ፎጣ ከላይ ጣል አድርጉባት፣ ከነፎጣው በሁለት እጅ ደግፋችሁ አንሡ፣ በኋላ እግሯ በኩል ወደ ሳጥኑ አውርዷት። ጭንቅላቷ ፎጣ ውስጥ ሲሆን ትረጋጋለች። ማጅራቷን አትጨብጡ፤ እናት ድመት ልጆቿን በማጅራት የምትሸከመው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብቻ ነው። ትልቅ ድመት በማጅራቷ ስትንጠለጠል ያማታል፣ ያስደነግጣታልም።

ከሰሚት ወደ መገናኛ ወይም ወደ ቦሌ የምትሄዱ ከሆነ መንገዱ የሚጨናነቅበትን የጠዋቱን የሥራ መግቢያና የማታውን መውጫ ሽሹ፤ ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ የተሻለ ነው። ራይድ ስትጠሩ ድመት እንደያዛችሁ ለሹፌሩ አስቀድማችሁ ንገሩት፤ ሙዚቃውንም እንዲቀንስላችሁ በትሕትና ለምኑት። ሳጥኑን ከፊት ወንበር ኋላ፣ ወለሉ ላይ አስቀምጡት፤ እዚያ አይንሸራተትም። አሮጌ ነጠላ ደርቡበት። ክሊኒክ ስትደርሱ ሳጥኑን መሬት ላይ፣ በውሻ አፍንጫ ፊት አታስቀምጡ፤ ወንበር ላይ ወይም ጭናችሁ ላይ ይሁን፣ ፊቱንም ወደ እናንተ አዙሩት። ክሊኒኩ ጠባብ ከሆነ ተራችሁ ሲደርስ እንዲደውሉላችሁ ተናግራችሁ ውጭ ጠብቁ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ፍርሃቷ የማይበርድ ድመት አለች። ለእሷም መላ አለ። በ2017 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በወጣ ጥናት ጋባፔንቲን የተባለውን መድኃኒት ከጉዞው 90 ደቂቃ ቀደም ብለው የወሰዱ ድመቶች በመንገድም በምርመራም ጊዜ ጭንቀታቸው ቀንሶ ታይቷል። መጠኑን የሚወስነው ኩላሊቷንና ክብደቷን የሚያውቀው ሐኪም ብቻ ነው፤ ከሰው መድኃኒት ቆርሳችሁ እንዳትሰጧት። ከቀጠሮው በፊት ለሐኪሙ ደውላችሁ "ድመቴ እጅግ ትፈራለች" በሉት። ቤት ድረስ የሚመጣ ሐኪም ካለም ጠይቁት። ከክሊኒክ ስትመለስ ደግሞ ቤት የቀረችው ሌላዋ ድመት በማታውቀው ጠረን ምክንያት ልትፎክርባት ትችላለችና ለጥቂት ሰዓት ለየብቻ አድርጓቸው።

ግልገል ድመት የምታሳድጉ ደግሞ ዕድለኞች ናችሁ። ከሁለተኛው እስከ ሰባተኛው ሳምንት ባለው ዕድሜዋ ያየችውንና የነካትን ሁሉ ትቀበላለች። በዚያ ጊዜ በየቀኑ ያዟት፣ ጆሮዋን እዩ፣ አፏን ከፍታችሁ ተመልከቱ፣ መዳፏን ዳብሱ፣ ሳጥን ውስጥ አጫውቷት። በዚያ ዕድሜዋ የሰው እጅ የለመደች ድመት ካደገችም በኋላ የሐኪም እጅ አይከብዳትም።

አሁን ለሙያ ባልደረቦቼ ጥቂት ልናገር። የአገራችን የእንስሳት ሕክምና ቢሾፍቱ ላይ የተተከለ ሙያ ነው። ክትባት የሚያመርተው ብሔራዊ ተቋም በ1964፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ደግሞ በ1979 እ.ኤ.አ. እዚያ ተመሠረቱ። ዓላማቸው በሬውንና ላሟን መጠበቅ ነበር፤ ተገቢም ነው። የክፉ ቀንን ከብት የፈጀው የደስታ በሽታ ከዓለም መጥፋቱ በ2011 እ.ኤ.አ. ሲታወጅ፣ በዚያ ድል ውስጥ በበረሃ ከመንጋ መንጋ እየተዘዋወሩ የከተቡ የአገራችን ባለሙያዎች ድካም አለበት። ያ ሙያ ዛሬ በኮንዶሚኒየም ለምትኖረው ድመትም ያስፈልጋል። ከብት ለማሰር የተማርነው ጉልበት ግን ለድመት አይሆንም። ድመቷን ከሳጥኑ አራግፋችሁ አታውጧት፤ ክዳኑን አንሥታችሁ እዚያው መርምሯት። ጠረጴዛው ላይ ፎጣ አንጥፉ። ቢቻል ከሳምንቱ ግማሽ ቀን ውሻ የማይገባበት የድመት ሰዓት አድርጉት። አስር ደቂቃ የታገሣችኋት ድመት በሚቀጥለው ዓመት ለክትባት ትመለስላችኋለች።

ለሰሚት የጋራ መኖሪያ ኮሚቴዎች ደግሞ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። መስከረም 18 የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን ነው፤ ፓስተር ያረፈበት ዕለት ነው። በዚያ ሰሞን እያንዳንዱ ብሎክ ድመትና ውሻ ያላቸውን ቤቶች ይመዝግብ። ሐኪም በበረዶ ሣጥን ክትባቱን ይዞ ይምጣ፤ ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ መቆየት አለበትና ይህን ኮሚቴው ይጠይቅ። ድመቶቹን አንድ አዳራሽ አትሰብስቧቸው፤ ሐኪሙ በር ለበር ይሂድ። የመጓጓዣውና የሐኪሙ ክፍያ ለቤቶቹ ሲካፈል ለአንድ ቤት የሚደርሰው ለብቻ ከሚወጣው ያንሳል። በጣም ፈሪዋ ድመትም ሳሎኗ ውስጥ፣ ጠረኗ ባለበት፣ ባለቤቷ ጭን ላይ ሆና ትከተባለች። የጥበቃ ሠራተኞቻችን የሚመግቧቸውን የግቢ ድመቶችም እንዳትረሱ፤ እነሱን ማስከተብና እንዳይዋለዱ ማድረግ፣ ልጆቻቸውን በየማዳበሪያው ከመጣል ያድናል።

ድመት አይጥ ትይዝልናለች፣ ልጆቻችንን ታጫውታለች፣ ለብቸኛ አዛውንት ጓደኛ ትሆናለች። ከእኛ የምትሻው ምግብ፣ ውሃና በታመመች ጊዜ ያለ ድንጋጤ የሚያደርሳት ሰው ነው። ዛሬ ማታ ሳጥኑን አውጥታችሁ ሳሎን አስቀምጡት። በዚህ ሳምንት ውስጥም ሐኪሟ ማን እንደሚሆን ወስናችሁ ስልኩን ያዙ፤ የክትባቱን ቀን ደግሞ ከጎረቤቶቻችሁ ጋር ቁረጡ።